የእትዬ ቆጣሪ መንጃ ፈቃድ

ማስታወቂያው የተለጠፈው ሰኞ ጠዋት፣ ሠራተኛው ከሚፈርምበት መዝገብ ትይዩ ነበር። በውኃ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ስለ ጠፋ ቁልፍ ወይም ስለ ተዘጋ መጸዳጃ ቤት ነው። ይሄኛው ግን ክብ ማኅተም ነበረው። ከሦስት ወር በኋላ ቆጣሪ አንባቢ ሁሉ የሚሠራው በሞተር ሳይክል ነው፤ እስከዚያ መንጃ ፈቃድ ያላወጣ ወደ ማህደር ክፍል ይዛወራል ይላል፣ ቁርጥ አድርጎ።

እትዬ ቆጣሪ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስሟ ይሄ አይደለም እርግጥ። የምትዞርበት ሰፈር ልጆች ያወጡላት ነው፤ እነሱ አድገው ሲወልዱ ልጆቻቸው ወረሱት፣ በመጨረሻ መሥሪያ ቤቱም ለመደው። ሃያ አንድ ዓመት፣ ከሰባት ወር በቀር፣ በየወሩ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት በእግሯ ዞራለች። የየትኛው ቤት ቆጣሪ ክዳኑ እንደሚጣበቅ፣ የትኛው መስታወቱ እንደሚያልበው፣ የትኛው ሥር ውሻ እንደሚተኛ ከማንም በላይ ታውቃለች። እግሬ ደከመኝ ብላ ለማንም አመልክታ አታውቅም። ታዲያ ሞተር አምጡልኝ ያለው ማን ነው?

ማህደር ክፍሉን ደግሞ በደንብ ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ እግሯ ተሰብሮ ሰባት ወር ተቀምጣበታለች። ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ ካሉት ሁለት አምፖሎች አንዱ ሲርገበገብ ይውላል። በቀን አንድ ሰው ቢመጣ ነው፣ እሱም በር ተሳስቶ። በሰባት ወር ውስጥ ከራሷ ጋር ማውራት ጀምራ ነበር፤ የባሰው ደግሞ መልስ መስጠት መጀመሯ ነው። እንግዲህ ጡረታ እስክትወጣ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ልትቀመጥ ነው።

የቀሩት ዘጠኝ አንባቢዎች ወንዶች ናቸው፤ ሞተር ከእናታቸው ሆድ ይዘው የወጡ ይመስል ማስታወቂያውን አይተው እጃቸውን አፋተጉ። የክፍል ኃላፊው፣ ያ ከሷ በአሥራ አምስት ዓመት የሚያንሰው ሰውዬ፣ ጠርቶ አጽናናት። ማህደር ክፍል ቢያንስ ፀሐይ የለም አላት።

መንጃ ፈቃዱን ለማውጣት ቆረጠች፤ ጣጣው የጀመረው ለማመልከቻው ከተጠየቀችው ፎቶ ነው። የመጀመሪያው ጆሮዋን ስለማያሳይ ተመለሰ። ሁለተኛው ጆሮዋን ቢያሳይም ጀርባው ነጭ ስላልሆነ ተመለሰ። ሦስተኛው ጆሮም ነጭ ጀርባም አሟልቶ ቢሄድ ፎቶ ተቀባዩ ዕረፍት ወጥቷል ተባለ። የዓይን ምርመራው ብቻ ነው ቀና የሆነላት። ሐኪሙ ሰሌዳውን እንድታነብ ሲጠይቃት እስከ መጨረሻው መስመር አነበበች፤ ቀጥላም ከመስመሩ ሥር በትናንሹ የተጻፈውን የማተሚያ ቤቱን ስልክ ቁጥር ጠራችለት። ዓይኗ እንከን የለውም። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ልምምዱ የሚካሄደው ፈተናውም በሚሰጥበት ሜዳ ነው። አሰልጣኟ ጥላ ሥር በተደፋ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ ወጣት ነበር። የሚያውቀው ትምህርት አንድ ነው፣ እሱንም ቀና ብሎ ሳያያት ነው የሚያስተምራት።

«ማዘር፣ ራቅ አድርገው ይዩ።»

«እያየሁ ነው።»

«ራቅ አድርገው ነዋ፣ ማዘር።»

ምኑን ነው ራቅ አድርጌ የማየው ብትለው ፊት ለፊት አላት። ፊት ለፊት ምን አለ ብትለው መንገድ አላት። ማዘር አትበለኝ፣ የወለድኩህ አይመስለኝም ብትለው ሳቀና እሺ ማዘር አላት። ጨጓራዋን ላጠው። ፍሪሲዮኑን ለቀቅ፣ ጋዙን ሰጠት፣ ፍሬኑን ያዝ ማድረጉን በሳምንት ውስጥ ለምዳዋለች። ቀጥ ብላ መሄድ ግን አልሆነላትም። ሞተሩ እንደ ጠገበ በቅሎ ወደ ፈለገው ይሄዳል፤ እሱ የሚፈልገው ደግሞ ሁልጊዜ እሷ የማትፈልገውን ነው።

ፈተናው ሦስት ነገር አለው። በፕላስቲክ ኮኖች መካከል መጠማዘዝ፣ ጠባብ ጣውላ ላይ ሳይወርዱ ማለፍ፣ ከዚያ ነጩ መስመር ላይ ቀጥ ብሎ መቆም። ዕድሉም ሦስት ነው፤ ሦስቱንም የወደቀ ስድስት ወር ይጠብቃል። ለእትዬ ቆጣሪ ስድስት ወር ማለት ምድር ቤት ማለት ነው።

በመጀመሪያው ፈተና ሁለተኛውን ኮን ገጭታ ሦስተኛው ላይ ከነሞተሩ ተጋደመች። በሁለተኛው ኮኖቹን እንደ ምንም አልፋ ጣውላው ላይ ወጣች፤ እግሯ ሥር ያለውን ጣውላ አንድ ስንዝር እንኳ ከዓይኗ እንዳይጠፋ አፍጥጣ እያየችው መሐል ላይ ወረደች። በዚህን ያህል ጥንቃቄ ያየችው ነገር እንዴት እንዳመለጣት ሊገባት አልቻለም። ሞተሩን መልሳ ወደ ቤቷ ሄደች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ስፌት መኪናውን የፊተኛው ክፍል ውስጥ ተክሎ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ይውላል። ዕድሜ ልኩን ብስክሌት ላይ እንኳ ወጥቶ አያውቅም። ይሄ ግን ከመምከር አላገደውም። ትከሻዋን ዘና እንድታደርግ፣ በሆዷ እንድትተነፍስ፣ ሞተሩን እንዳትፈራው፣ እንዳትንቀውም መርፌውን ሳያቆም ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው። አንድ ቃል ቢጨምር ኖሮ ሜትሩን ባለበት አንገት ላይ ልታጠብቀው ትችል ነበር።

የደረሰችላት ልጇ ነች። ሁለተኛውን ፈተና ከአጥር ውጪ ሆና በስልኳ ቀርጻዋለች። እናቷን አጠገቧ አስቀምጣ ከፍታ አሳየቻት፤ መልሳ አሳየቻት።

«እማዬ፣ አንገትሽን እዪው። አንዴ እንኳ ቀና አላልሽም እኮ።»

እውነቷን ነው። በቪዲዮው ላይ ያለችው ሴትዮ ከመነሻው እስከ መውደቂያው አገጯን ደረቷ ላይ ተክላ የፊት ጎማውን ነው የምታየው። ኮን ሲመጣ ኮኑን ታያለች፣ ሞተሩም ተከትሏት ወደ ኮኑ ይሄዳል። የጣውላውን ጠርዝ ታያለች፣ በጠርዙ በኩል ትወርዳለች። ሞተሩ ለካስ እምቢተኛ አልነበረም፤ ያየችበት እየወሰዳት ኖሯል።

እትዬ ቆጣሪ ራሷን አየች። ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የኖረችው። ቆጣሪ የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው፤ ክዳኑም ቧንቧውም ውሻውም መሬት ላይ ነው። ከበር ወደ በር የምትሄደው ጎንብሳ፣ የምትጽፈው ጎንብሳ። ደንበኞቿን የምታውቃቸው በጫማቸው ነው። ቆጣሪው ይሮጣል እያሉ በየወሩ የሚጨቀጭቋት አሮጊት ለምሳሌ ለሷ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ናቸው። አንድ ቀን ክሊኒክ ውስጥ ጥቁር ጫማ አድርገው ሰላም ቢሏት አላወቀቻቸውም፤ ዘጋሽኝ ብለው ሁለት ወር አኮረፏት።

እንግዲህ ዓይኗን ማንሳት ልትለምድ ነው። ሦስተኛው ፈተና ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው፤ በየቤቱ ስትዞር ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። መጀመሪያ ዞረባት። ቀጥሎ ደግሞ ይገርማት ጀመር፤ ስንቱ ቤት በረንዳ እንዳለው፣ አንዱ ጣሪያ ቀይ እንደሆነ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ሰው እንደሚኖር ዛሬ ገና ማየቷ ነው። ሁለት ጊዜ ተደናቅፋ ጉልበቷን ላጠችው። በሳምንቱ ኃላፊው ጠራትና የአራት ቤት ንባብ ተሳስቷል፣ በእርስዎ ደርሶ የማያውቅ ነገር ነው፣ ምን ነካዎት አላት።

«ወደ ታች ሳይ መንጃ ፈቃዱ ያመልጠኛል፤ ወደ ላይ ሳይ ቁጥሩ ያመልጠኛል» አለችው። «የትኛውን ልስጥህ?»

ያስብበት ጀመር። እሷ ግን መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች፤ እንባዋ መጥቶ ነበርና እሱ ፊት ማልቀስ አልፈለገችም።

የሦስተኛው ፈተና ጠዋት ሜዳው ላይ አሥራ አራት ሰው ተሰልፏል። ፈታኙ ሰሌዳውን ደረቱ ላይ የደገፈ፣ ፊቱ የተቋጠረ ሽማግሌ ነው። በሁለቱም የጣላት እሱ ነው። አሰልጣኙ ከሳጥኑ ላይ ሆኖ ራቅ አድርገው ይዩ ማዘር አለ፣ እንደ ልማዱ። ተራዋ ደረሰ። እጇ ስለራሰ በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ መሪውን ያዘችው።

ሞተሩን አስነስታ ዓይኗን ከጎማው ላይ አነሳች። አነሳችና የምታሳርፍበት አጣች። ራቅ አድርገሽ እዪ ያላት ሰው ብዙ ነው፤ ምኑን እንደሆነ የነገራት ግን አንድም የለም። ሰማዩ ባዶ ነው። ግንቡም ባዶ ነው። ያን ጊዜ ከሜዳው ማዶ፣ ግንቡ ላይ በደረት ቁመት የተገጠመ፣ ክዳኑ የተነቀለ የውኃ ቆጣሪ አየች። ሁለት ወር ሙሉ በተመላለሰችበት ሜዳ፣ ቆጣሪ ማንበብ እንጀራዋ የሆነች ሴት፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ቆጣሪ አላየችውም ነበር።

ዓይኗ ተተከለበት። ጋዙን ሰጠች። ኮኖቹ በግራና በቀኝ ሲያልፉ ታውቋታል እንጂ አላየቻቸውም። ጣውላው ከሥሯ ኳ ኳ ሲል ሰማች፤ አላየችውም። ቆጣሪው እየቀረበ ነው። መስታወቱ ታየ፤ ከመስታወቱ ውስጥ ጥቁሮቹ ቁጥሮች፣ ከቁጥሮቹ አጠገብ ደግሞ ውኃ ሲያልፍ ብቻ የምትዞረው ትንሿ ቀይ ኮከብ። ኮከቧ ትዞራለች። በግቢው ውስጥ አንድም ቧንቧ የተከፈተ የለም፤ ኮከቧ ግን ትዞራለች። እትዬ ቆጣሪ ፍሬን ያዘችና ሁለት እግሯን መሬት ላይ አሳርፋ ቁጥሩን አነበበች።

ፈታኙ ከኋላዋ እየተራመደ መጣ። ነጩ መስመር አራት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቷል።

«መቆሚያው የት እንደሆነ አልተነገረዎትም?»

«ውኃ እየጠፋባችሁ ነው» አለች። «ቧንቧ ሳይከፈት ቆጣሪው እየዞረ ነው። መሬት ውስጥ የተቀደደ መስመር አላችሁ።»

«ይሄ ነጥብ አያስገኝም።»

«ነጥብ አልጠየቅኩም። ውኃ እየጠፋባችሁ ነው ነው ያልኩት።»

ሽማግሌው ቆጣሪውን አየ፣ እሷን አየ፣ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። መስመር በማለፍ ቀነሰ፤ የሞተሩን መብራት ሳታበራ በመነሳቷም ቀነሰ፤ ኮንና ጣውላው ላይ የሚቀነስ አጥቶ ብዕሩን ትንሽ አቆየ። ማለፊያው ሰባ አራት ነው። ሰባ አምስት ጻፈላት። አሰልጣኙ ከሳጥኑ ተነስቶ አላልኩዎትም ማዘር አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተናደደችበትም፤ መናደጃ የሚሆን ጉልበት አልቀራትም።

በአዲሱ ሩብ ዓመት የመጀመሪያ ቀን መሥሪያ ቤቱ በሰጣት ሞተር፣ ሄልሜቷን አጥልቃ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ሰፈሯ ገባች። ሰማያዊ ነጠላ ጫማ በራቸው ላይ ቆመዋል። እትዬ ቆጣሪ ከሞተሩ ወርዳ እንደምን አደሩ አለቻቸው። አሮጊቷ በጥርጣሬ ከላይ እስከ ታች ለኳት።

«አዲሷ አንባቢ ነሽ? የድሮዋንስ ምን አደረጋችኋት?»

«እኔው ነኝ፣ እማማ።»

«ተይ እንጂ ልጄ። እሷ እንዲህ ረጅም አይደለችም።»

ሄልሜቷን አወለቀችላቸው። ፊቷን አዩት፣ አዩት፤ ምንም አልነገራቸውም። የድሮዋ ትሻለን ነበር አሉ፣ ታግሳ ታዳምጠን ነበር፤ ድሮም ደህና ሰው አይበረክትም። መታወቂያዋን ልታወጣ እጇን ኪሷ ከተተችና ተወችው። ሃያ አንድ ዓመት በወር በወሩ ደጃቸው ላይ ቆማ፣ ዛሬ በመታወቂያ ልትታወቅ ነው?  ወደ ቆጣሪው ሄደች፣ ክዳኑን በተለመደው ጎን በኩል ፈልቅቃ አነሳችና ጎንበስ አለች።

«እንዴ!» አሉ አሮጊቷ ከጀርባዋ። «አንቺው ነሽ! ምነው ታዲያ አትናገሪም? ይሄ ቆጣሪ ይሮጣል እኮ፣ ልጄ።»

እትዬ ቆጣሪ እንደ ጎነበሰች ሳቋ መጣባት፣ ከሳቁም ጋር እንባዋ፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ማንበብ ነበረባት። ጽፋ ስትጨርስ ክዳኑን መለሰች። ከዚያም ቀና ብላ፣ ቸኩላ ሳትሄድ፣ የሴትዮዋን ፊት ደህና አድርጋ አየችው።