ቤዝቦል ያስተማሩኝ ሁለት ሽማግሌዎች

የምሠራበት የአረጋውያን ጧሪ ኤጀንሲ ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ሊልከኝ ሲል ሱፐርቫይዘሯ ደወለችልኝ። «እኚህ ሰው በሦስት ወር ውስጥ አራት ኬርጊቨር አባረዋል። አንቺ ሳምንት ከቆየሽ ጎበዝ ነሽ» አለችኝ። «ከሳምንት በላይ እቆያለሁ» አልኳት። ለጉራ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ሽማግሌ መጦር አውቅበታለሁ። ቁጡ ሰውም አያስደነግጠኝም፤ የቁጡ አባት ልጅ ነኝ።

ሽማግሌው የሚኖሩት ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ በአሮጌው ሰፈር፣ ከኮልፋክስ መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ባለች የጡብ ቤት ነበር። ጥቁር አሜሪካዊ፣ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። ሰማንያ ሦስት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ዓይናቸውም ከዳር ከዳር እንጂ መሀሉን አያይም። እኔ የምኖረው ራቅ ብሎ ግሌንዴል ስለነበር ጠዋት ጠዋት መኪናዬን አስነስቼ እሄዳለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሰላም ስላቸው መልስ አልሰጡኝም። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ይታያል፣ ከጎናቸው ሬዲዮ ይለፈልፋል።

«ቤዝቦል ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ታዲያ ስለ ምን ልናወራ ነው?»

«ስለ ቤዝቦል ነዋ! እርስዎ ያስተምሩኛል፣ እኔ እማራለሁ።» በእርግጥ የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ እርስዎ የሚባል ነገር የለውም። እኔ ግን በልቤ አንድም ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም።

ፊታቸውን አዙረው፣ በዚያ በሚያየው የዓይናቸው ዳር አዩኝ። «ምሳ የምበላው ኢኒንጉ ሲያልቅ ነው» አሉ። ኢኒንግ ማለት ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር መሆኑን ገና አላውቅም። ሾርባውን ሦስት ጊዜ አሞቅኩት።

ትምህርቱ እንዳፌ አልቀለለኝም። እኔ የማውቀው እግር ኳስ ነው፤ ኳስ መረብ ውስጥ ከገባ ገባ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። እዚህ ግን አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ ከዚያ ሁሉም ቆሞ ምራቁን ይተፋል። ሯጩ ቤዝ የሚሉትን ማረፊያ ሰረቀ ተብሎ ይጨበጨብለታል። ሽማግሌው ሲያስረዱኝ ቶሎ ይቆጣሉ። እኔም አልፈራቸውም፤ እንደገና እጠይቃለሁ።

ቅዳሜ ሃቫና ስትሪት ወዳለው የቅመማ ቅመም ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ኤርትራዊ ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ወደ ሰባ ዓመት ይጠጋቸዋል። በልጅነታቸው በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል፤ በየመሀሉ እንግሊዝኛ ስከት ያርሙኛል። በርበሬ እየመዘኑልኝ ምን እንዳሳሰበኝ ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው ኳሷን ሳይመታት እንዴት ወደ አንደኛ ቤዝ ይሄዳል? ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩበት።»

ሚዛኑን ትተው አዩኝ። «አራት መጥፎ ኳስ ሲወረወርለት ነዋ!»

«እንዴ! እርስዎ ከየት ያውቁታል?»

«ልጄ፣ እኔ የአሥመራ ሰው አይደለሁም እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካኖች አሥመራ ላይ የጦር ሰፈር በነበራቸው ዘመን ጋሼ እዚያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ነበር። እሑድ እሑድ ወታደሮቹ ሰው ሲጎድላቸው ከሠራተኞቹ ያስገባሉ። ጋሼ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ይቆማሉ። ይህን እየነገሩኝ ባንኮኒው ላይ አራት የሽንብራ ፍሬ አስቀመጡና፣ ሽማግሌው በሳምንት ያላስገቡልኝን በሩብ ሰዓት አስገቡልኝ። በመጨረሻም፣ «አንድ እሑድ፣ አብሮኝ ልብስ በካውያ የሚተኩስ ጓደኛዬ ኳሷን መትቶ ከአጥሩ በላይ ወደ መንገዱ አሳለፋት። የጋሪ ፈረስ ነው ያስደነበረችው» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት ይህን ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«ውሸት ነው!» አሉ። «ዱላ ይዞ የማያውቅ ሰው አጥር አያሻግርም። ሰውየውን አምጪልኝ።»

ጋሼ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለባለቤታቸው ትተው መጡ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ በእጃቸው ህምባሻ ይዘዋል። እንግሊዝኛቸውን የለቀሙት ከወታደር ስለሆነ ስድብ ይበዛበታል፤ እሳቸው ግን ስድብ መሆኑን የሚያውቁ አይመስሉም። ገና ሰላምታ ሲሰጡ ሽማግሌው ክው አሉ። ወዲያው ደግሞ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኚያ ሰው ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ክርክሩ ግን አልቀረም።

«ዴንቨር ከባሕር በላይ ስንት ነው?» አሉ ጋሼ።

«አንድ ማይል። ይህን የማያውቅ የለም።»

«ለምንድን ነው እዚህ ኳስ ርቃ የምትሄደው?»

«አየሩ ስስ ስለሆነ።»

«አሥመራ ወደ አንድ ማይል ተኩል ትጠጋለች!»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ጣሪያው ቀና አደረጉ። አሰቡ። ያቺ ኳስ በዚያ አየር ውስጥ ስትሄድ በሐሳባቸው የሚከተሏት ይመስሉ ነበር። «እሺ፣ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ግን የት ተጽፏል?»

«የትም አልተጻፈም። እኔ ግን አይቻለሁ።»

«ያልተጻፈ ነገር...» ብለው ጀመሩና አቋረጡ። ሬዲዮውን በእጃቸው ዳብሰው አጠፉት። ጨዋታ መሀል ሬዲዮ ሲያጠፉ አይቼ አላውቅም። «አባቴም የትም አልተጻፉም» አሉ።

ያን ዕለት ነው የነገሩን። ጥቁር ከነጭ ጋር በትልቁ ሊግ እንዳይጫወት በተከለከለበት ዘመን፣ አባታቸው ከተማ ለከተማ በሚዞር የጥቁሮች ቡድን ውስጥ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ የሚሉ ኳስ ያዥ ነበሩ። ሆቴል ስለማይቀበላቸው አውቶቡስ ውስጥ ያድራሉ። ሽማግሌው ስድስት ዓመታቸው ሳለ አንድ ቀን ሲጫወቱ አይተዋቸዋል፤ ሁለተኛ ቤዝ ሊሰርቅ የሮጠውን ሰው ቁጢጥ እንዳሉ፣ ሳይነሱ ወርውረው አስወጡት። ከቤዝቦል በኋላ አባትየው ዕድሜ ልካቸውን የባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸከሙ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች በኳስ ተሰባብረው ጠምመው ቀርተው ነበር።

ጋሼ አላጽናኗቸውም። ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው፣ «የትኞቹ ጣቶች?» አሉ። ሽማግሌውም የራሳቸውን እጅ ዘርግተው አንድ በአንድ አሳዩዋቸው።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ የሁለቱ ቀን ሆነ። ግማሹ ወሬ የድሮ ቤዝቦል ነው፤ ግማሹ ስኳር በሽታ፣ ጉልበት፣ በረዶ ያወደመው ቲማቲም፣ በትግርኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ የሚመልሱት የጋሼ የልጅ ልጆች። እኔም መሀላቸው ቁጭ ብዬ ሐሳቤን ሳልሰስት እሰጣለሁ። ወርዋሪው መቀየር ነበረበት ስል መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት «አንቺ ምን ትያለሽ?» ብለው ይጠይቁኝ ጀመር።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፣ ስቴዲየም እንሂድ አልኳቸው። ሽማግሌው ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ ሄደው አያውቁም።

«ዓይኔ አያይ፣ ምን ልሠራ?»

«እኔ አይልዎታለሁ።»

ከስቴዲየሙ አጠገብ ፓርክ አድርጌ ዊልቸሩን ገፋሁ። ቦታችን ከጣሪያው ሥር ነበር። ጨዋታው ሲጀመር ከጆሯቸው ጠጋ ብዬ አንድም ሳልዘል ነገርኳቸው፤ ወርዋሪው ምን እንደወረወረ፣ የመሀል ተከላካዩ የት እንደቆመ፣ ሯጩ ከቤዙ ስንት እርምጃ እንደራቀ። ጋሼ ስሳሳት ያርሙኛል። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያረሙኝ።

አምስተኛው ኢኒንግ ላይ ከተራሮቹ በኩል ደመና መጣና በረዶ ይወርድ ጀመር። ጨዋታው ቆመ፣ ሜዳው ላይ ሸራ ተዘረጋ፣ ሰው ሁሉ ሮጦ እኛ ወዳለንበት ጣሪያ ሥር ገባ። አጠገባችን የቆመች ኮፍያ ያደረገች ሴት፣ ስሮጥ የመጨረሻዋ ኳስ አመለጠችኝ አለች። ምን እንደሆነች ነገርኳት። ለማን ስተርክ እንደነበር ገብቷት ወደ ሽማግሌው ዞረችና፣ ቤዝቦል ማየት የጀመሩት መቼ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«በስድስት ዓመቴ» አሉ። ከዚያም ስለ አባታቸው ነገሯት። ድምፃቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ሌሎችም ጠጋ ጠጋ አሉ። አውቶቡሱን፣ ሆቴሎቹን፣ ያቺን ከቁጢጥ የተወረወረች ኳስ ሲነግሩ ያ ሁሉ ሰው ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ። አንድ ወጣት ግን ስልኩን እየነካካ የአባታቸውን ስም ጠይቆ ነበርና፣ «ፈልጌ አጣሁት። እዚህ የሉም» አለ።

የሽማግሌው እጅ የወንበሩን ክንድ ሲጨብጥ አየሁ። እኔም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ስልክህ ላይ የሌሉት ስላልነበሩ አይደለም፤ የጻፈላቸው ስለሌለ ነው» አልኩት። «ያዩዋቸው ሰው እዚህ ተቀምጠዋል። እሳቸውን ጠይቅ።»

ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ቀላ አለ። ስልኩን ኪሱ ከቶ በርከክ አለና፣ «አባትዎ ዱላስ ላይ እንዴት ነበሩ?» አላቸው።

«ደካማ!» አሉ ሽማግሌው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ወሬው በረዶው እስኪያባራ ቀጠለ። ሌሎችም የየአባቶቻቸውን አነሱ። ጋሼም የአሥመራዋን ኳስ ነገሩ፤ ከፍታውን ጭምር። ሽማግሌው «እውነት ነው» ብለው መሰከሩላቸው። ጨዋታው ሲቀጥል ቡድናችን ተሸነፈ፤ ማንም ከልቡ አላዘነም።

ኮፍያ ያደረገችው ሴት አስተማሪ ነበረች። መስከረም ላይ ክፍሏ መጥተው እንዲናገሩ ጋበዘቻቸው፣ እኔም ነዳሁ። ተማሪዎቹ ጥያቄያቸው አላልቅ ስላለ ሁለተኛ ጊዜ፣ ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ ሄድን። የብርዱን ወራት ሽማግሌው እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ። ጥብቅ ነበሩ፤ «ተቀምጠው» ብዬ ስጽፍ «ቁጢጥ ብለው በይ» ይሉኛል። ተማሪዎቹ ታይፕ አደረጉት። አሥራ አራት ገጽ ወጣው። አንዱ ቅጂ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ገባ፣ አንዱን ከሌላ ስቴት ለመጣችው ልጃቸው ሰጧት። ልጅቱ የአያቷን ጣቶች ታሪክ ያኔ ነው ያወቀችው። ቆማ አነበበችው፤ ጨርሳም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ሽማግሌው ጽሑፉ ባለቀ በዓመቱ፣ በየካቲት፣ አልጋቸው ላይ እንደተኙ አረፉ። በቀብሩ ዕለት ልጃቸው ጋሼንና እኔን ከቤተሰቡ ረድፍ አስቀመጠችን። አልቅሻለሁ። ግን እንደ ሥራዬ ሰው ሳይሆን እንደ ጓደኛዬ ነው ያለቀስኳቸው።

ሚያዝያ ላይ ሁለታችን ስቴዲየም ሄድን። ብርድ ነበር። ጋሼ ትኩስ ቸኮሌት ይዘው አዲሱን ወርዋሪ ገና በመጀመሪያው ኢኒንግ ማማት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ይታገሱት፤ ክንዱ አልሞቀም» አልኳቸው።

«አይሞቅም» አሉ።

እኔ ይሞቃል ብዬ ተከራከርኩ። በሦስተኛው ኢኒንግ ሞቀ።