ማማ ሸምሳ ግድግዳውን ተጠግተው የሚቀመጡት ለምንድን ነው?

ትናንት ከሰዓት ማማ ሸምሳ በርቁዓቸውን ፊታቸው ላይ አስረው፣ ሽቷቸውን ተቀብተው፣ ዊልቸራቸው ላይ ሆነው ጠሩኝ። «ማክሰኞ አይደል? ነይ ግፊኝ» አሉ። የምንሄድበት አዳራሽ ግን ተዘግቷል... መዘጋቱንም አብረን ነው የሰማነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ማማ ሸምሳ የማዳሜ፣ የአሠሪዬ፣ እናት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አል ዓይን ከተማ፣ አል ጃሂሊ ሰፈር ኖረው፣ እግራቸው እምቢ ሲል ልጃቸው አቡ ዳቢ፣ አል ፈላሕ ወዳለው ቪላዋ አመጣቻቸው። ቤቱ ምን ይወጣለታል! ቲቪው ግድግዳ ያክላል። ሰው ግን የለበትም። ማዳም ሥራ ትውላለች፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ አይፓዳቸውን ይዘው ክፍላቸው ይገባሉ። እኔና ማማ ተፋጥጠን እንውላለን። እኔ ደግሞ እዚያ ቤት ጥርሴ አይገለጥም። ሥራው አለ፣ ወሎ ትቼው የመጣሁት ጭንቀት አለ... ብቻ ተዉት።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ብቻቸውን ለሚውሉ አረጋውያን በጀት ተመድቦ በየማክሰኞው የሚገናኙበት አዳራሽ እዚሁ ሰፈር ተከፈተ ተባለ። የዘንባባ ስፌት ይሰፋሉ፣ ቁጭ ብለው እጃቸውን ያፍታታሉ፣ ቴምርና ሻይ አለ። ማዳም ወዲያው አስመዘገበቻቸው።

የመጀመሪያ ቀን አሮጊቶቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም። እያንዳንዷ የምታወራው ከገዛ ሠራተኛዋ ጋር ብቻ ነው። አስተባባሪዋ አየችና «እንዲህማ አይሆንም! ሠራተኞች ጎን ካለው ክፍል ጠብቁ፣ እናቶች ይጫወቱበት» ብላ አስወጣችን።

ገባን... እናንተዬ! አራታችንም ሐበሻ። እኔና መርየም የወሎ፣ ሁለቱ የጎንደር። ያቺ መርየም የምትባል ጉድ ደግሞ ማዳሟን ታስመስላለች። ሴትየዋ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ይዛ እያወራች «ስልኬ የት ገባ? አንቺ ነሽ ያነሳሽው!» እያለች ቤት የምታምሰውን ስትሠራው ሆዴን ይዤ ምንጣፉ ላይ ተንከባለልኩ። ከአገሬ ከወጣሁ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ለእኔም ለማማም ዒድ ሆነ። ገና ምሳ ሳይነሳ «አልደረሰም?» ይሉኛል። ማዳም «እናቴ ወደደችው?» ስትለኝ «በጣም እንጂ!» እላለሁ። ሰው አገኙ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ መድኃኒታቸውን ላቀብላቸው የአዳራሹን በር ገፋ አደረግኩ። ሴቶቹ መሀል ላይ ክብ ሠርተው ይሰፋሉ፣ ይሳሳቃሉ። ማማ ግን ለብቻቸው ጥግ ላይ፣ ትከሻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ደሜ ፈላ! እኔ ደግሞ ከተናደድኩ አፌ አያርፍም።

«እሳቸው ሰው አይደሉም እንዴ? እንዴት ጥግ ትጥያቸዋለሽ?» ብዬ አስተባባሪዋ ላይ ጮህኩባት።

«እኔ መች ጣልኳቸው? በየሳምንቱ እዚያ ውሰዱኝ የሚሉት ራሳቸው ናቸው» አለችኝ፣ ግራ እንደገባት።

ስንመለስ መንገድ ላይ ዊልቸሩን አቆምኩና ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አልኩ። «ማማ፣ ሴቶቹ አስቀየሙዎት?»

«አይ... እኔ እነሱን አላውቃቸውም። ጎረቤቶቼ አል ዓይን ናቸው፣ ግማሾቹም አፈር ገብተዋል። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ጎረቤት ምን ያደርግልኛል?»

«ታዲያ ለምን ይመጣሉ?»

 እጄን ያዙኝ። «ግድግዳው ስስ ነው። ከማዶ ስትስቂ ይሰማኛል። ቤት ውስጥ የምሰማው ልቅሶሽን ነው፣ ልጄ።»

ወላሂ አላሰብኩትም ነበር። ክፍሌ ከሳቸው ክፍል ጋር የተያያዘ ነው... ትራሴን አፌ ላይ ይዤ የማለቅሰውን ማንም አይሰማም ብዬ ነበር። ተነስቼ ዊልቸሩን መግፋት ቀጠልኩ።

ያለፈው ማክሰኞ ደግሞ አስተባባሪዋ ሁላችንንም ሰበሰበችን። «የተመደበው በጀት ኸላስ፣ አልቋል። አላህ ካለ ሌላ ጊዜ...» አለች። ከመርየም ጋር በሩ ላይ ተቃቅፈን ተለያየን። ማማ እያዩን ነበር።

እና ትናንት «ነይ ግፊኝ» ሲሉኝ «ማማ፣ ተዘግቷል እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ አላረጀሁም ያን ያህል። ከአንቺ ክፍል በኩል ካለው ግድግዳ አስጠጊኝ። ከዚያ ክፍልሽ ገብተሽ ለዚያች ለምታስቅሽ ልጅ ደውዪላት።»

አስጠጋኋቸው። ክፍሌ ገብቼ ደወልኩ። ጠራ... ጠራ... አይነሳም። የመርየም ማዳም ሥራ ሰዓት ላይ ስልኳን ትወስድባታለች፣ ይህንን ደግሞ አውቃለሁ። ማክሰኞ ብቻ ነበር የምንገናኘው። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ያው ነው።

ከግድግዳው ማዶ ማማ ሽቷቸውን ተቀብተው እየጠበቁ ነው። እንዴት ብዬ «አላነሳችም» ልበላቸው? ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ «ኪኪኪ! አንቺ መርየም፣ ገደልሽኝ!» አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ሳቅኩ። የገዛ ድምፄ አስጠላኝ።

ግድግዳው ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

«ኸላስ ልጄ... ይብቃሽ። ነይ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። በርቁዓቸውን ፈታሁላቸው። ሁለታችንም ቲቪውን አልከፈትነውም።

ያንን በጀት የመደባችሁ ሰዎች፣ አላህ ይስጣችሁ፤ አንድ ሰው ከብቸኝነት አውጥታችሁ ነበር... አሮጊት ግን አልነበረችም።