በሳፋ ያሳደግናቸው እንቁላሎች

ጉብሬ የሄድኩት የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ገና አዲስ ሳለ፣ ሥነ ሕይወት እንዳስተምር ተመድቤ ነው። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬም እዚያው ስለደረሳት አንድ ክፍል ቤት ተከራየን። አከራያችን ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ ሴት ነበሩ፤ እማማ እንላቸዋለን።

በክረምት ለሚማሩት መምህራን የፅንስ ዕድገትን በሥዕል ብቻ ማስተማር ሰለቸኝ። ከመንደሩ በታች ውሃ ያቆረ ሜዳ ነበር። ከዚያ የእንቁራሪት እንቁላል በጣሳ ቀድቼ አመጣሁና ቤት ውስጥ በሳፋ አስቀመጥኩት። የቤተ ሙከራው ክፍል ቁልፍ እንጂ ዕቃ አልነበረውም።

ጓደኛዬ ከእኔ ብሳ ወደደችው። አጉሊ መነጽሩን እየተቀባበልን እናይ ነበር።

«ሁሉም ሕዋስ ውስጥ ያለው ዘረመል አንድ ዓይነት ነው» አለችኝ አንድ ከሰዓት፣ ሳፋው ላይ አጎንብሳ። «ታዲያ ይሄ ቆዳ፣ ያ አንጀት የሚሆነው በምን አውቆ ነው?»

«ሁሉም ዘረመል በሁሉም ቦታ አይሠራማ። እናትየው እንቁላሉ ውስጥ ትታው የምትሄደው መልእክት አለ፤ ከታች በኩል ይበዛል። እሱ እዚያ ያሉትን ዘረመሎች ይቀሰቅስና ሕዋሶቹ አንጀት ይሆናሉ። እነሱ ደግሞ አጠገባቸው ላሉት ምልክት ይልካሉ፤ ጡንቻና ደም ከዚያ ይመጣል። ምልክቱ ያልደረሳቸው የላይኞቹ ቆዳና ነርቭ ይሆናሉ።»

«ደስ ሲል» አለች።

ከዚያ ወዲህ ውሃውን የምትቀይረው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ከክፍል ስመለስ እማማ ሁለት ጎረቤቶች ይዘው ደጃፋችን ላይ ቆመዋል። ሳፋው ጓሮ ተደፍቷል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ለምንድነው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለድግምት ነው እያሉኝ ነው።»

«ለትምህርት ነው፣ እማማ። እሷም ታውቃለች፤ አብረን ነው የምናየው» ብዬ ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ።

አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ታያለች።

«እኔ የማውቀው የለም» አለች። «የእሷ ነው። እኔማ ገና ሲመጣም አልወደድኩትም።»

እማማ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቤቱን ልቀቂ ቢሉኝም ሌላ እስካገኝ እንድቆይ ፈቀዱልኝ። ጓደኛዬን ግን ውጪ ያላት አልነበረም።

በማግስቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ስንሄድ፣ «ሁለታችንም ብንባረር ምን ይጠቅምሻል?» አለችኝ።

«ብትነግሪያቸው እኮ ያምኑሽ ነበር። አንቺን ይወዱሻል።»

«እሱን ፍቅራቸውን እንዳላጣ ነው» አለች።

ወልቂጤ ቤት ተከራይቼ በሚኒባስ መመላለስ ጀመርኩ። በተከታዩ ዓመት ያ ትምህርት ለእሷ ተሰጠ። ተማሪዎቿን ሜዳው ድረስ ወስዳ እንቁላሉን በእጃቸው አስይዛ እንደምታሳያቸው ሰማሁ። ስለ መልእክቱም፣ ስለ ምልክቱም ጥሩ አድርጋ ታስረዳለች አሉኝ። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

ስታገባ ጠራችኝ። ሄድኩ። ምሳ በላሁ፣ እናቷን እንኳን ደስ ያለዎት አልኩና ፎቶ መነሳት ሳይጀመር ወጣሁ።