ሰላምታ ያቆመው ቦት

ዘሚራን የማውቃት ቢቸና ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን ስለምንኖር ነው። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ እሷ የአይሲቲ መምህርት ናት። የደብረ ወርቅ ቄስ ልጅና የሞጣ ነጋዴ ልጅ እንዴት ተስማማችሁ የሚለን ሰው አይጠፋም። ምን የማያስማማ ነገር አለ? ሁለታችንም በአንድ ርእሰ መምህር እንቃጠላለን።

ርእሰ መምህሩ አቶ ገብረ ኪዳን ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር ተጣልቶ መገላገል ይቻላል። እሳቸው ግን እያመሰገኑ ነው ሰው የሚያስሩት። ዘሚራን «የትምህርት ቤታችን ዓይን» ካሏት ቀን ጀምሮ መውጫ አጥታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ አብዱልሐኪም ሞጣ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለው። ልጃቸው ሪሃብ አንደኛ ክፍል ናት፤ የምታድገውም እዚያው ከአባቷና ከአያቷ ጋር ነው። ዘሚራ በወር አንዴ፣ ሲቀናት ሁለቴ፣ ቅዳሜ በሚኒባስ ሄዳ እሑድ ትመለሳለች። ዘንድሮ ሞጣ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ፈለገና ሊቀበላት ተስማማ። የቀረው የአቶ ገብረ ኪዳን መልቀቂያ ብቻ ነበር።

«እለቅሻለሁ» አሏት። «ብቻ ያንን ቦት ሠርተሽ አስረክቢኝ።»

ቦቱ በቴሌግራም በራሱ መልእክት እየላከ ለተማሪዎች ዝግጅት የሚያስታውስ ፕሮግራም ነው። የክበባት ውድድር፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የወላጆች ቀን ሲኖር በዋዜማው ለተመዘገበው ሁሉ መልእክት ይልካል። ማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የሚለጠፈውን ከፍየል በቀር የሚጠጋው ስለሌለ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ዘሚራ ቶሎ ጨረሰችው። ቦቱም «ማሳሰቢያ፦ ነገ ከሰዓት በኋላ የጥያቄና መልስ ውድድር ስላለ ሁሉም ተማሪ እንዲገኝ» ብሎ ላከ። በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ከተወዳዳሪዎቹና ከእኛ ከመምህራኑ በቀር ሰው አልነበረም።

እኔ ልጆቹን ሰነፎች ብዬ ወረድኩባቸው። ዘሚራ ግን በራሷ ፈረደች።

«ሰላም ሳይል ወደ ጉዳዩ የሚገባ የቀበሌ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። ማን ይሰማዋል?» አለችኝ።

ከዚያ ተቀምጣ መልእክቱን የሰው ወግ አስያዘችው። «ስጦታው፣ እንዴት ዋልህ? እናት አባት ደህና ናቸው? ጥናቱስ እንዴት ነው? ነገ ከሰዓት በኋላ ውድድር አለን፤ እንዳትቀር።» ለእያንዳንዱ በስሙ፣ ለሴቷ እንደ ሴት፣ ለወንዱ እንደ ወንድ።

አዳራሹ ሞላ። በመስኮት የቆሙም ነበሩ። አቶ ገብረ ኪዳን በደስታ የሚሆኑትን አጡ።

ግን ሰላም የተባለ ሰው ዝም አይልም። ልጆቹ መለሱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት፣ ልጅዎስ እንዴት ናት እያሉ ጻፉ። የጠየቀቻቸው እሷ ራሷ መስላቸው ነበር። ዘሚራ ደግሞ ለመልስ ያዘጋጀችው «ተመስገን ነው፣ በርታ» የሚል ነገር ብቻ ነው። ስጦታው የሚባለው ተማሪ «እናቴ በጥቅምት አርፋለች» ብሎ ጻፈ። ቦቱ «ተመስገን ነው፣ በርታ» አለው።

ይህን ስታይ ዘሚራ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ልጁ ከገጠር መጥቶ የሚማር ነው፤ የተከራየበት ቤት ድረስ ሄዳ ልቅሶ ደረሰችው። ከዚያ ወዲህ መልሱን ከቦቱ ቀምታ ራሷ ያዘችው። ማስታወሻውን ቦቱ ይልካል፣ ለሚመጣው መልስ ግን እሷ ትጽፋለች። ምሳ እየበላች ትጽፋለች፤ ልብስ እያጠበች በእርጥብ እጇ ትጽፋለች። ዝግጅት የሚበዛው ቅዳሜ ስለሆነ ሞጣ መሄዱ በወር አንዴም ቀረ።

ቦቱን ላስረክብ ብላ ስትሄድ አቶ ገብረ ኪዳን ሳቁ።

«ማንን ነው የምታስረክቢኝ? ይሄ እኮ አንቺ ነሽ! በይ ፈተናው ይለፍና እንነጋገራለን።»

ሞጣዎች ግን ከሰኔ በላይ እንደማይጠብቋት ነግረዋት ነበር። ይህን ጊዜ ደሜ ፈላ።

«አበላሺው» አልኳት። «ሰላምታውን አውጪና ደረቁን መልሺው። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ይለቁሻል።»

ዘሚራን ሥራ ማበላሸት ያማታል። ቀናት ፈጅታ አሰበችበት። ከዚያ የወላጆች ቀን ሲቃረብ፣ ሪሃብ ጉንፋን ይዟት ስታስል በስልክ ሰማችና በዚያው እልህ አደረገችው። «ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው» ብላ ላከች። ሌላ ምንም የለበትም።

በማግስቱ ከክፍል ስወጣ ስጦታውና ጓደኞቹ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ቲቸር ሰገነት፣ ሽማግሌ እንዲሆኑን ፈልገን ነው» አለኝ።

«ለምኑ?»

«ቲቸር ዘሚራ ተቀይመውናል። ሰላም ማለት ትተዋል። ያጠፋነውን አናውቀውም፤ ቢሆንም ይቅርታ እንጠይቅ ብለን ነው።»

ምክሩን የሰጠሁት እኔ፣ ለሽምግልና የተመረጥኩት እኔ። ልስቅ ነበር፤ የልጁን ፊት ሳይ ሳቄ ጠፋ። እምቢ ማለትም አልሆነልኝም፤ ለእርቅ የተጠራ ሰው እንዴት እምቢ ይላል?

ዘሚራ በሯን ስትከፍት ስጦታው ድንጋይ በጫንቃው አድርጎ አጎንብሷል። ሌሎቹ ከኋላው ቆመዋል። እኔ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ድንጋይ ለተሸከመ ሰው ከይቅርታ ሌላ ምን ይባላል?

«አውርደው፣ አውርደው ልጄ። ምንም አላጠፋችሁም» አለች።

አላመኗትም። ምንም ላላጠፋ ሰው ሰላምታ የሚነሳ አለ እንዴ? ድንጋዩም ከጫንቃው አልወረደም።

«እሺ፣ ይቅር ብያችኋለሁ» አለች በመጨረሻ። ድንጋዩ ወረደ። ከዚያ መልእክቱን የሚልከው ቦት መሆኑን፣ ቦት ደግሞ እንደማይቀየም ልታስረዳቸው ሞከረች። በትሕትና ሰሟት። «እንግዲህ ሰላምታዎን አይንሱን» ብለው ጉልበቷን ሊስሙ ሲሉ አነሳቻቸው። የዚያኑ ዕለት ሰላምታውን ቦቱ ላይ መልሳ ማስታወሻውን እንደገና ላከች።

ቅዳሜ ወላጆች ከየገጠሩ ጎርፈው መጡ። ሰኞ አቶ ገብረ ኪዳን አስጠሯት።

«ተማሪ ሽማግሌ የላከባትን መምህርት አሳልፌ ብሰጥ እግዜርም አይወድልኝም» አሏት። «የክረምቱን ምዝገባ ማስታወሻም በአንቺ ላይ ጥያለሁ።»

መልቀቂያ የሚለውን ቃል አላነሱትም። ሰኔ ሲያልቅ ሞጣዎች ሌላ ሰው ቀጠሩ።

ያን የሰማች ዕለት ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠን ነበር፤ እኔ ምስር እለቅማለሁ። ወደ ሞጣ ደወለችና ሪሃብን አቅርብልኝ አለችው ባሏን። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ሪሃብዬ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንቺስ ደህና ነሽ?»

«አያትሽስ?»

«ደህና ናቸው። አባ እንካ» ብላ ስልኩን ለአባቷ ሰጠች።

ዘሚራ ከአብዱልሐኪም ጋር ብዙም አላወራችም። ስልኩን ዘግታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«አልጠየቀችኝም» አለችኝ።

«ምኑን?»

«መቼ ትመጫለሽ ብላ። ድሮ ሰላም እንኳን ሳትለኝ ነበር የምትጠይቀኝ። ልጄ ተስፋ ቆረጠችብኝ፣ ሰጊ።»

አድጋ ነው ልላት አስቤ ተውኩት፤ ውሸት ነው። እሷ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ሳለ ስልኳ ጮኸ። አንዲት ተማሪ እንዴት እንደዋለች ጠይቃታለች። ደህና ነኝ ብላ ጻፈችላት።