ምላሴን ያከራየሁበት ረመዳን

አሁንም ሶዶ ውስጥ አመሻሽ ላይ አዛን ስሰማ አፌ በምራቅ ይሞላል። ሙስሊም አይደለሁም። ታቦት አጅቤ ያደግሁ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ። ግን አንድ ረመዳን ሙሉ ምላሴን ለጎረቤት አከራይቼ ስለነበር፣ ሰዓቱን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ጊዜው የሚሊኒየሙ መስከረም ነው። አገሩ አዲስ ቲሸርት ለብሶ ሲጨፍር እኛ ቤት ጭፈራ አልነበረም። አባቴ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ እርሻ ወርዶ ወሬው ጠፍቷል። እናቴ ዳጣ ደቁሳ ገበያ ትሸጣለች። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን ድንጋይ ላይ ስትደቁስ ዓይኗ ይቀላል። ስታለቅስም ያው ስለሚቀላ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ሽያጩ አንዳንድ ቀን ራት ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን አይሆንም።

አጥራችን እንሰት ነበር። አሁን ተቆርጦ ብሎኬት ቆሞበታል፤ በብሎኬት ላይ ደግሞ ሳህን አይሻገርም። ያኔ ግን ከእንሰቱ ወዲያ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ጎረቤቶች ነበሩን። የቤቱን እመቤት እትዬ ነበር የምላት። ወፍራም ናት፤ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ረመዳን በገባ ቁጥር የምስር ሳምቡሳ ትልክልናለች። ሥጋ ያለበትን አትልክም፤ የእነሱን እርድ እኛ እንደማንበላ፣ የእኛን እነሱ እንደማይበሉ ታውቃለች። እናቴም ሳህኑን ባዶ አትመልስም። ሙዝ ወይ የቦዬ ሥር ወይ አቮካዶ ታደርግበታለች። ሞልቶ የተመለሰ ሳህን ጉርብትና ነው፤ ባዶ የተመለሰ ምጽዋት ነው። ማንም ባይጽፈውም የሰፈራችን ሕግ ይኸው ነበር።

በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ሳህን ሲመጣ እናቴ ሳህኑን አየች፣ ጓዳዋን አየች። ከዚያ እንደተሸፈነ መልሳ ሰጠችኝ።

“ጠግበናል በያት” አለችኝ።

ትንሹ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ሳምቡሳውን በዓይኑ እስከ አጥሩ ሸኘው።

“ጠግበናል ብላለች” አልኳት እትዬን።

“እውነት ጠግባችኋል?”

“አልጠገብንም። ሳህንሽ ላይ የምታደርገው የላትም።”

እንዲህ ነኝ፤ እናቴ “ያንቺ አፍ በር የለውም” ትለኛለች። እትዬ ሳህኑን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ገባች።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ከእንሰቱ ወዲያ ጩኸት ተሰማ። “ኧረ ጎረቤት! ጉድ ሆኛለሁ!”

እናቴ እጇ በዳጣ እንደተለወሰ ሮጣ ወጣች።

“ሾርባው ጨው ይኑረው አይኑረው በምን ልወቅ? ጾም ነኝ፣ አልቀምስ! ትናንት ጨው በጨው አድርጌው ባልዬው ቤት ሊያፈርስብኝ ነበር። ልጅሽን አከራዪኝ፤ ምላሷን ብቻ!”

ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው። የእናቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም “አንተ” ነው የምትለው።

“ውሰድ” አለቻት። “ግን ሥጋ እንዳታበላብኝ።”

“ወላሂ አይነካትም!”

አልነካኝም። ሥጋውን ለብቻው ትቀቅልና የአጃውን ሾርባ እኔ ከቀመስኩት በኋላ ነበር የምትቀላቅለው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ቅቤም ስለማልበላ በዘይት ትሠራለች፤ “የናንተ ጾም ነገር ያበዛል” እያለች ታጉረመርማለች። እኔ ጭልፋውን እፍ እፍ ብዬ ፍርድ እሰጣለሁ።

“ጨው የለውም።”

“አሁንስ?”

“አሁን በዛ።”

“አንቺ ልጅ፣ ለማሞገስ እንኳ ትንሽ አትዋሺም?”

“ውሸታም ምላስ ከፈለግሽ ሌላ ተከራዪ።”

ወገቧን ይዛ ትስቃለች። ስጨርስ ሳህኑን በምስር ሳምቡሳ ሞልታ “ኪራይሽ ነው፣ ሠርተሽበታል” ትለኛለች። ይህን ሳህን እናቴ አልመለሰችውም። ደሞዝ ምጽዋት አይደለማ! ወንድሞቼ በሩ ላይ ይጠብቁኛል። እትዬ ያወጣችልኝን ስም ተቀብለው “ምላሴ መጣች!” እያሉ ይዘላሉ።

እንዲህ ስንል ጊፋታ ደረሰ። ወላይታ ውስጥ ዘመን መለወጫ ያለ ቅቤ አይሆንም። ከቆጮ የሚሠራው ሙቹዋ በቅቤ ካልራሰ እንግዳ አይጠራበትም፤ በር ዘግቶ መዋል ነው። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ የቅቤ እቁብ ይጥላሉ። እናቴ ግን አባቴ ከጠፋ ወዲህ አቋርጣለች። በዓሉ በቀረበ ቁጥር ድምጿ እየጠፋ ሄደ።

በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ አጠገቤ ለምትቀመጥ ሙስሊም ልጅ ስለ ሥራዬ ጉራዬን ነዛሁባት። ሳቀችብኝ።

“እናቴም እኮ ጾማ ነው የምታበስለው። በምላሷ ጫፍ ትቀምስና ትተፋዋለች። ካልዋጠችው ጾሟ አይፈርስም።”

ደሜ ፈላ። ስንለቀቅ እስከ ቤት በሩጫ።

እትዬ አጥሩ ጋ ቆማ ከእናቴ ጋር ታወራለች። እጇ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አለ። “የምላሴ የበዓል ጉርሻ ነው” እያለች ትዘረጋለች፤ እናቴም እጇን ልትሰድ ነው።

“እትዬ” አልኩ እያለከለክሁ፣ “በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይቻላል አሉ። ታዲያ እኔን ለምን ትጠሪኛለሽ?”

የእናቴ እጅ መንገድ ላይ ቀረ። እትዬ ከሳቋ ሌላ ፊት እንዳላት ያን ቀን ነው ያየሁት።

“ለሌላው ይቻላል” አለች። “እኔ ሆዳም ነኝ፤ ከቀመስኩ እውጣለሁ። ይሄን አታዪውም?” ሆዷን በመዳፏ መታችው።

ማንም አልሳቀም። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“እህቴ፣ ረመዳን ነው። ከዚህ አጥር ወዲያ ልጆች ተርበው እኔ ብጠግብ ጾሜ ምኑን ጾም ሆነ? ለኔ ብለሽ ተቀበይኝ።”

እናቴ ቅቤውን አየችው። ብትመልሰው ጊፋታችን በዝግ በር ማለፉ ነው፤ ከእንሰቱ ወዲያም ከእንግዲህ የሚጠራኝ የለም። እሷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ቅቤውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

“አንተ ደግሞ ምን ቆመሃል?” አለችኝ፣ እትዬ እንድትሰማ በአማርኛ። “ሂድ ቅመስ፤ ድስቱ ያርራል።”

ቀምሼ ስወጣ እናቴ እዚያው አጥሩ ጋ ነበረች። ለገበያ የደቆሰችውን ዳጣ በእትዬ ሳህን ሞልታ ይዛለች። የዳሞታን ተራራ ጉም ውጦታል፤ አዛን ሊል ነው። እትዬ ሳህኑን ተቀብላ አሸተተች፤ እንደ ልማዷም ወደ እኔ ዞረች።

“ምላሴ፣ ነይ እስቲ ይሄን…”

“አያስፈልግም” አለች እናቴ። “ጨው እኔ ቀምሻለሁ። አንተ እመነኝ፣ ብላ።”

አዛኑ ተነሣ። እትዬ እዚያው እንደቆመች ቴምር ከኪሷ አውጥታ አፈጠረች፤ ቀጥላ ጣቷን ዳጣው ውስጥ ነከረች። ዓይኗ ቀላ፣ እንባ ሞላ። እናቴ ሳቀች። ያው ዳጣ ነው፤ የቱ እንደሆነ አይታወቅም።