ያልተፎከረበት ግዳይ

ቢቸና በነበርኩበት የመጨረሻ ዓመት ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሲከፈት ሲዘጋ ቆይቶ በመጨረሻ ተዘግቶ ቀረ። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ከደሴ ተመድቤ የመጣሁ፣ ሚስት የሌለኝ፣ ካርታ መጫወት የማልወድ ሰው። ኔትወርክ የለም። መብራት ሲያሻው ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል። አንዳንድ ቀን ከከተማው ወዲያ ተኩስ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ያዳምጥና «ሩቅ ነው» ተባብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ «ሩቅ ነው» የሚሉት ነገር እንዴት እንደሚያናድደኝ! ለማን ነው ሩቅ?

እናም አላፍርበትም፣ ቀኔን ጌም ቤት መዋል ጀመርኩ።

ጌም ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። የብረት መዝጊያው እስከ ወገብ ዝቅ ብሎ ስለሚውል የሚገባው ሰው ጎንበስ ማለት አለበት። ባለቤቱ እኩያዬ ነው፤ ከዚያ በፊት የመብራት ዕቃ ይጠግን ነበር። አብሮት የሚኖር አንድ ታናሽ ወንድም አለው፤ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ መንገድ ሲዘጋ ቤት የቀረ፣ ረዥም፣ ሳቂታ ልጅ። እናታቸው ሞጣ ናቸው። ትንሹን ወደ ትልቁ የላኩት «ከዓይንህ እንዳታጣው» ብለው ነው። የልጁ እኩዮች አንድ በአንድ ከከተማው እየጠፉ ነበር፤ የት ሄዱ ተብሎ አይጠየቅም።

«እውነቱን ልንገርህ» አለኝ አንድ ቀን ባለቤቱ፣ ሻይ እየጠጣን። «ይሄን ቤት የከፈትኩት ለገበያ አይደለም። እሱ የሚውልበት እንዲያገኝ ብዬ ነው። እዚህ ውስጥ የፈለገውን ይግደል።»

ያን ሰሞን ደብረ ማርቆስ ያለ ዘመዱ በሃርድ ዲስክ አንድ ጌም ላከለት። ሙሉው አይደለም፤ ዴሞ ነው፣ ቅምሻ። ጨዋታው አውሬ ማደን ነው። አውሬዎቹ ግን ቤት የሚያክሉ ናቸው። ዴሞው ውስጥ ሁለት አደን ብቻ አለ። አንደኛው እንሽላሊት ይመስላል፤ በሳምንት ውስጥ እኔ ሳልቀር ገደልነው። ሁለተኛው ጅብና በሬ የተዳቀሉበት የሚመስል ባለ ቀንድ ነው፣ እሱን የጣለ አልነበረም። ሰዓት አለው፤ ሰዓቱ ሲያልቅ አዳኙን ወደ ድንኳኑ ይመልሰዋል። እንደገና ስትሄድ ትናንት ያቆሰልከው እግር የለም፤ ድኖ፣ ተዝናንቶ ይጠብቅሃል።

መሣሪያ ምረጡ ሲባል የቢቸና ልጅ ሁሉ ያነሣው ጠመንጃውን ነው። ሌላ ምን ያንሣ? ጠመንጃው ግን አዋረዳቸው። ይዘኸው መሮጥ የለም፤ ጥይቱ የአውሬው ቆዳ ላይ ነጥሮ ይወድቃል፤ ለማጉረስ ጎንበስ ስትል አውሬው ደረትህ ላይ ነው። «ይሄን የሠራው ሰውዬ ጠመንጃ በዓይኑ አላየም» ብለው ተቆጡ። ጥንድ ጩቤው ፈጣን ነው፣ ትንፋሽ ግን ይጨርሳል። መዶሻው አናቱን ካገኘ አውሬውን ያዞረዋል፤ ችግሩ አናቱ የሚነክስበት ወገን መሆኑ ነው። ቀስት ለትዕግሥተኛ ነበር፤ ትዕግሥተኛ አልነበረንም። እኔ ጦርና ጋሻውን ወደድኩ። ከጋሻው ጀርባ ተሸሽጌ አንዴ ወጋ፣ ሦስቴ መከት ሳደርግ ያዩኝ ልጆች «ቲቸር፣ አውሬው በእርጅና ነው የሚሞትልዎት» አሉኝ።

ትልቁን ሰይፍ ማንም አይነካውም ነበር። ቁመቱ ከተሸካሚው ይበልጣል። ከጀርባ እስኪነሣ ዕድሜ ይፈጃል፤ አንዴ ከተሰነዘረ መመለስ የለም፤ ከሳተ ጎንህን ሰጥተህ ትቆማለህ። ስለዚህ የምትመታው አውሬው ያለበትን ሳይሆን የሚደርስበትን ቦታ ነው። ስለቱም ይዶለዱማል፤ በውጊያው መሀል ተንበርክከህ በሞረድ ትስለዋለህ።

እኔን የከነከነኝ ግን የአውሬው አጎዳድ ነበር። ምን ያህል ነፍስ እንደቀረው የሚነግርህ ምልክት ስክሪኑ ላይ የለም። ከአረማመዱ ነው የምታውቀው። ማነከስ ይጀምራል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ከዚያ ውጊያውን ትቶ እየተጎተተ ወደ ጎሬው ሄዶ ይተኛል። አዳኙ ኮቴውን አጥፍቶ ይከተለዋል፤ በተኛበት ይመታዋል። ይህ ሲሆን ቤቱ ሁሉ ዝም ይላል። አንድ የቅኔ ተማሪ ነበር፣ መምህሩ ሳያዩ ደበሎውን በር ላይ ሰቅሎ የሚገባ፤ «ሽፍታ እንኳ የተኛ አይመታም» ብሎ ሁልጊዜ ፊቱን ያዞራል። ፊቱን አዙሮ ግን «ተመታ?» ብሎ ይጠይቃል።

በዚያ አገር ገድሎ ዝም የለም። ግዳይ የጣለ ይፎክራል። እንሽላሊቷን የጣለ ሁሉ ጆይስቲኩን ወርውሮ ይነሣል፣ ከበሩ ጥግ መጥረጊያውን ያነሣል፣ ትከሻው ላይ ያደርጋል፤ ከዚያ «ዘራፍ!» ነው። አንድ ከሰዓት ይህን ጩኸት የሰሙ መንገደኞች የያዙትን ጥለው ሮጡ፤ ባለሱቆች በር ላይ በር ዘጉ። ባለቤቱ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። «ውጭ ያለው ሰው ጌም መሆኑን በምን ይወቅ? የታጠቀ ሰው ቢያልፍስ? ከዛሬ ጀምሮ ፉከራ የለም!» አለ። ልጆቹ አኮረፉ። በመጨረሻ የቅኔ ተማሪው አስታረቀ፤ ፉከራ በሹክሹክታ ይሁን ተባለ።

በሹክሹክታ ሲፎከር አይታችሁ ታውቃላችሁ? የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ መጥረጊያውን እየነቀነቀ ይንጎራደዳል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እያደር ግን ከጩኸቱ የባሰ ያስፈራኝ ጀመር። ዛሬ መጥረጊያ እንዲህ የጨበጠ ልጅ ነገ ምን ይጨብጣል እያልኩ እሰጋ ነበር። ከሁሉ የሚያምርበት ደግሞ የባለቤቱ ወንድም ነው። «በቀንዱ የመጣን፣ በጭራው የሸኘው!» እያለ በሹክሹክታ ሲንጎራደድ ቤቱ በሙሉ በሹክሹክታ «በለው!» ይለዋል። ቀንድ በሌላት እንሽላሊት ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ። እኔን ደግሞ «ወሎዬ ዘፈን እንጂ ፉከራ የት ያውቃል!» ይሉኛል፤ ጦርና ጋሻዬን ይዤ ወደ ጨዋታዬ እመለሳለሁ።

ባለ ቀንዱ ግን አልሞት አለ። ልጁም አንድ ቀን በሰው ፊት «እሱን ሳልጥል ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም» አለ። ባለቤቱ ይህን ሲሰማ እኔን አየኝ።

ማታውን ወደ ቤት ስንሄድ «ምናለ ያ አውሬ ባይሞትለት!» አለኝ። «ስማ፣ አንተ አስተማሪ አይደለህ? አሳስትልኝ።»

«ማሳሳት ሥራዬ አይደለም።»

«ተማሪዎችህ እንደሚሉት ከሆነ ትችልበታለህ።»

ስቄ ተስማማሁ። የልጁ እጅ ለጥንድ ጩቤው የተፈጠረ ነበር፤ በዚያው ቢቀጥል በሳምንት ይጥለዋል ብለን ፈራን። ስለዚህ ባዮሎጂዬን ሁሉ ይዤ ቀረብኩትና፣ ይህ ቆዳ በጩቤ አይበሳም፣ ትልቁን ሰይፍ ሞክር አልኩት። አመነኝ። ከዚያ በኋላ ያየነው መውደቅ ብቻ ነበር። ይሰነዝራል ይስታል፣ ይሰነዝራል ይረገጣል። ባለቤቱ ከኋላ ቆሞ ሻይ ይጋብዘኛል።

ያላሰብነው ነገር ሰይፉ ልጁን እንደሚያስተምረው ነው። ሲስቅ የሚውለው ልጅ መሳቁን ቀነሰ። ሳይመታ ዝም ብሎ አውሬውን እያየ ሰዓቱን መጨረስ ጀመረ። ከጎኑ ተቀምጬ አንድ ቀን፣ አውሬው ሲያገሳ ደንግጬ «ሽሽ!» ስለው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ «ሲያገሳ አይፍሩት ቲቸር» አለኝ። «ሲያገሳ ቆሞ ነው፤ ያን ጊዜ መምታት ነው። ዝም ብሎ አንገቱን ሲሰብር ነው የሚመጣ።»

የገደለው ሰኞ ጧት ነው። መብራቱ በጊዜ መጥቶ ነበር። ተኩስም ነበር፤ ያን ቀን «ሩቅ ነው» ያለ ሰው አልሰማሁም። ልጁ ትልቁን ሰይፍ መርጦ ወደ አደኑ ገባ፣ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። አውሬው ሲያገሳ ይመታዋል፣ ዝም ሲል ገለል ይላል። ብዙ ሳይቆይ አውሬው አነከሰ። ከዚያ እየተጎተተ ጎሬው ገብቶ ተኛ። ልጁ ደርሶ አጠገቡ ተንበረከከ፤ አውሬው እየተነፈሰ እሱ ቀስ ብሎ ሰይፉን ሞረደ። የቅኔ ተማሪው ፊቱን አዞረ። ሰይፉ ተነሣ፣ ላይ ቆየ፣ ወረደ።

ስክሪኑ ላይ ስለተጫወታችሁ እናመሰግናለን፣ ሙሉው ጨዋታ በቅርቡ ይመጣል የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሁላችንም ልጁን አየን። የቅኔ ተማሪው ከበሩ ጥግ መጥረጊያውን አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው። ልጁ ተነሣ፣ ተቀበለ፣ ለአፍታ ያዘው፤ ከዚያ መልሶ ጥጉ ላይ አስደገፈው።

«ደክሞኛል» አለ። ወደ ወንድሙ ዞሮ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ሞጣ እንሂድ። እማዬን ልያት» አለው።

ባለቤቱ ትንፋሹን ለቀቀ። እንዲያ ያለ እፎይታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። እኔም ጎኑን ጎሸም አድርጌ «ወንድምህ በሰለ» አልኩት። የሚፎክሩትን ነው መፍራት ብለን ተስማማን፤ ይኸኛው እናቱን ሊያይ ነው።

እኔ ራሴ ዝውውር ጠይቄ ሞጣ ተፈቅዶልኝ ስለነበር ረቡዕ ቀድሜ ሄድኩ። ባለቤቱ እናታቸው ግቢ አንዲት ክፍል አስለቅቆልኛል። ሚኒባሱ ግንደወይንን አልፎ ሞጣ እስኪገባ ሾፌሩ ሬዲዮ አልከፈተም፣ ተሳፋሪም አላወራም። መንገድ ላይ በተፈተሽን ቁጥር መታወቂያዬን አሳይቼ «አስተማሪ ነኝ» እላለሁ፤ የት ነው የምታስተምረው ብሎ የጠየቀኝ ባለመኖሩ ደስ አለኝ።

እናትየው አጭር፣ ቀልጣፋ ሴት ናቸው። ሥጋቸውን እንደማልበላ ስለሚያውቁ የፍስክ ቀንም ቢሆን ሽሮ እንደሚሠሩልኝ ገና ሳልቀመጥ ነገሩኝ። ምስር እየለቀሙ አጠገቤ ተቀመጡ።

«እስቲ ንገረኝ፣ ልጆቼ እንዴት ናቸው? ትንሹ ምን ሲሠራ ነው የተለየኸው?»

የምሥራች ይዤ ነበርና አሳመርኩት። ቅዳሜ ይመጣል አልኳቸው። ስለ አውሬው፣ ስለ ሰይፉ፣ ተኝቶ ስለመመታቱ ሁሉንም አወራሁላቸው። ጌም ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ልጃቸው መግደሉ ገባቸውና ሳቁ።

«እንግዲያው ሰፈሩን ሲያውክ ዋለ በለኛ! እሱ እኮ አይጥ ገድሎ እንኳ ጎረቤት የሚያስነቃ ነበር።»

«ኧረ የለም እማማ፣ አልፎከረም። መጥረጊያውን ቢሰጡት መልሶ አስቀመጠው። ልጅዎ ትልቅ ሰው ሆኗል።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ።

«አልፎከረም?»

«አልፎከረም።»

«ሰጥተውት?»

«ሰጥተውት።»

ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት። እኔን ሳያዩ ተናገሩ።

«አባታቸው ዘመቻ ሲሄድ ይሄ ልጅ ገና በሆዴ ነበር። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ እዚያ ዋርካው ሥር ሲፎክር ዋለ። ያ ሁሉ የፎከረ ዛሬም ጠላ ቤት ታገኘዋለህ። የኔው፣ በፉከራ ወደር ያልነበረው፣ ያን ቀን ቃል አልተናገረ። እራቱን በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ‹ደክሞኛል› ብሎ ተኛ። ጧት አልነበረም። በዚያው ቀረ።»

ልጁ «ደክሞኛል» ማለቱን አልነገርኳቸውም ነበር። አሁንም አልነገርኳቸውም። ይልቅ ተቆጣሁ፤ ጌም ነው እማማ፣ የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው፣ ቅዳሜ ራሱ ይነግርዎታል አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅሁት ምስራቸውን አንሥተው ሲገቡ ነው። ፈርቼ ነበር፤ ስፈራ መቆጣት ልማዴ ነው።

ቅዳሜ መናኸሪያ ብቻዬን ሄድኩ። እሳቸው አልመጡም። የቢቸናው ሚኒባስ አርፍዶ ገባ። ባለቤቱ ከሁሉ ቀድሞ ወረደ፤ ሰላም ሳይለኝ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ከኋላዬ ይፈልግ ጀመር።

«ቀድሞኝ መጥቷል አይደል?» አለኝ። «ሐሙስ ጧት ስነሣ አልጋው ባዶ ነው። እማዬ ናፍቃው ቀድሞኝ ሄዷል ብዬ ነው እኮ። እዚህ ነው አይደል?»

ቦርሳውን ተቀብዬው ወደ ግቢው ሄድን፤ መንገዱን ሙሉ «አይደል?» እያለ ይጠይቀኛል። እናትየው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ትልቁን ልጃቸውን ወደ ደረታቸው ስበው፣ ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። ከኋላው ማን አለ ብለው ወደ ግቢው በር አላዩም።