ሐጃ ካለችማ

ከጭልጋ የወጣን ለት፣ ሰው ሁሉ እህልና ልብስ ሲሸክፍ እኔ ጓሮ ገብቼ ዳማ ከሴ እቆርጥ ነበር። ተኩሱ ቀርቧል፣ ባለቤቴ እናኑ ትጮኻለች። «አንተ ሰውየ፣ ቅጠል ልታሸክመን ነው?» ቅርንጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልሁት፤ ጤና አዳምም ጨመርሁ።

ገላባት ላይ አማርኛ የሚሰባብር የሱዳን ድንበር ጠባቂ ዓስከሪ ጥቅሉን ፈታው።

«ይሄ ምን?»

«ጤና አዳም ነው ጌታየ፣ የሆድ ቁርጠት መድኃኒት።»

«እኔንም ይቆርጠኛል» ብሎ ግማሹን ወሰደ። «ይሄስ?»

«ለራስ ምታት።»

«እናንተን ሳይ ራሴን ያመኛል» ብሎ ከዚያም ቆነጠረ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ አትሳቁ፤ መድኃኒቴን ሳይጠራጠር የተቀበለኝ ሱዳናዊ እሱ ብቻ ነው።

ገዳሪፍ ልጄ ጥሩነሽ ቀድማ ገብታ ከተከራየችው ግቢ አረፍን። የተረፈኝን ቅርንጫፍ ከደጃችን ተከልሁት። አፈሩ እንደኛው ዋልካ ነው፤ ፀሐዩ ግን የምጣድ ያህል ነውና ዳማ ከሴው ሳይሰነብት ጠወለገ። ጭልጋ ምች የመታው ሁሉ በኔ ደጅ ነበር የሚያልፍ። እዚህ ምች ብትሉ የሚገባው የለም፤ የበሽታ ሁሉ ስሙ ወባ ነው።

የግቢው ባለቤት ሐጃ ሱዓድ ዘይት ሻጭ ናት፤ የናና፣ የቅርንፉድ፣ የባሕር ዛፍ ዘይት፣ ጣት በምታክል ጠርሙስ። አማርኛውን ከሐበሻ ተከራዮቿ ለምዳዋለች። አመሻሽ ላይ ሴቱ ሁሉ እሷን ከቦ ይቀመጣል። እናኑም የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ ሄደች። በኔ ቅጠል ስንት ዘመን የታሸ ጉልበት ቅርንፉድ ቅርንፉድ እየሸተተ ተመለሰ። «እጇ እንዴት ያለ እጅ መሰለህ» ትለኛለች። ሌላ ወንድ ዘንድ ውላ የመጣች ያህል ጀርባየን ሰጥቻት ተኛሁ።

እንከን ላገኝባት ከደጃችን እየተቀመጥሁ አያት ጀመርሁ። ሐጃ በአንድ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ላይ ሁለት ጠብታ ታደርጋለች እንጂ ጠርሙሱን ገላ ላይ አትደፋም። መጀመሪያ ክንድ ላይ ነካ አድርጋ፣ «ነገ ካላሳከከሽ ነይ» ትላለች። ጠጡት አትልም። እንከን አጣሁባት። እሱ ነው የባሰ ያበገነኝ።

አንድ ቀን የጥሩነሽ ልጅ፣ ገና የሚጠባ፣ ጉንፋን አፍንጫውን ደፈነውና ጡት እምቢ አለ። እናኑ ለጉልበቷ የተሰጣትን የባሕር ዛፍ ዘይት ከፍታ ጣቷን ነክራ ወደ አፍንጫው።

«ተይ!» አልሁ። «ቅጠሉ ሌላ፣ ዘይቱ ሌላ። ያች አንዲት ጠብታ የእቅፍ ቅጠል ኃይል አላት። ትንፋሹን ትዘጊዋለሽ።»

«አባየ፣ አሁንስ ለየልህ» አለች ጥሩነሽ። «ቅናት ነው።»

«ዘይቱ የሐጃ ባይሆን አንተው ነበርህ የምትቀባው» አለች እናኑም።

መቅናቱንስ ቀንቻለሁ። ግን የቀና ሰው ሁሉ ይዋሻል ያለው ማን ነው? ልጁን ከነጨርቁ አንስቼ፣ ረግጨው ወደማላውቀው የሐጃ ደጅ ሄድሁ። እናኑ ጠርሙሱን እንደያዘች፣ ልጄም ከኋላየ።

«ሐጃ፣ ይኸ ዘይት ለሚጠባ ልጅ አፍንጫ ይሆናል?»

«ላ! ላ! አይሆንም፣ ያ ዓሚ!» ብላ ተነሣች። «ይሆናል ማን አለ? ትንፋሹን ይይዘዋል! እኔ ለአሮጊት ጉልበት ነው የሰጠሁ! ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ አሁን!»

እናኑ ጠርሙሱን ክድን አደረገች። «ሐጃ ካለችማ።»

እኔ ያልሁትን እኮ ነው ያለች! እኔ ስል ቅናት፣ እሷ ስትል ዕውቀት።

ጤና ጣቢያ በጨው ውኃ አፍንጫውን ጠረጉለት፤ ተመስገን፣ ማታውን ጠባ። ግቢው ሁሉ «ሐጃ አዳነችው» ሲል ሰነበተ። ሐጃ ራሷ «ሽማግሌው ነው ያዳነው» ብትል ማን ሰምቷት። ከአፏ ወጥቶ ያልተሰማ ነገር ይኸ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን እዚያው ጭልጋ የቀረው ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ሚስቱ ለራስ ምታት ከጎንደር የባሕር ዛፍ ዘይት አስመጥታለች።

«በማንኪያ የኑግ ዘይት ሁለት ጠብታ፣ ግንባሯን ብቻ፤ ዓይኗን እንዳይነካ» አልሁት። «ከዚያ ልጆች ከማይደርሱበት ስቀሉት። ለሕፃን እንዳትቀቡ።»

ስልኩ ተንጫጫ።

«እሽ ጋሼ። አንተ ካልህ በቃ።»

«እ? አልሰማሁህም፣ ድገመው» አልሁት።

ሰምቸዋለሁ።